ቦይለርን በታይመርና በቴርሞስታት ማሠራት፦ ለአዲስ አበባ ቤቶች የሽቦ አያያዝ መመሪያ

በአዲስ አበባ መኖሪያ ቤቶች ክፍሎችን ሁሉ ከአንድ ቦታ የሚያሞቅ ሥርዓት የተለመደ አይደለም። እዚህ ቦይለር ሲባል በመታጠቢያ ቤት ግድግዳ ላይ ወይም ከኮርኒስ በላይ የተሰቀለ፣ 50፣ 80 ወይም 100 ሊትር የሚይዝ የኤሌክትሪክ ውሃ ማሞቂያ ማለት ነው፤ ይህ መመሪያም የሚመለከተው እሱን ነው። የቁጥጥሩ መርህ ግን ቤት ከሚያሞቁት ትልልቅ ሥርዓቶች ጋር አንድ ነው። ታይመሩ መቼ ይሙቅ የሚለውን ይወስናል፤ ቴርሞስታቱ እስከ ምን ያህል ይሙቅ የሚለውን ይወስናል፤ ሁለቱም በአንድነት ካልፈቀዱ ኤሌክትሪክ ወደ ማሞቂያው ኤለመንት ሊደርስ አይገባም።

ከዕቃው ጋር በካርቶን ውስጥ የሚመጡት የአያያዝ ወረቀቶች መብራት ሳይቋረጥ እንደሚኖርና ቧንቧው ውስጥም ዘወትር ውሃ እንዳለ አድርገው የተጻፉ ናቸው። በአራዳ፣ በልደታ ወይም በቂርቆስ ለሚኖር ቤተሰብ ሁለቱም አይሠሩም። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ የታይመሩ ሰዓት ሳይዛነፍ መቆየት አለበት፤ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሳምንት ደግሞ ሰው ተኝቶ ሳለ ታይመሩ ባዶ ታንክ ማሞቅ እንዳይጀምር መከላከል ያስፈልጋል። ስለዚህ የዕቃው ምርጫም ሆነ የሽቦው አዘረጋግ ከእነዚህ ከሁለቱ መቋረጦች መነሳት አለበት ብዬ አምናለሁ፤ ቀጥሎ የምዘረዝረውም በዚሁ መሠረት የተቃኘ ነው።

ታይመር ምን እንደሚያተርፍ አስቀድሞ በትክክል ማወቅ ይጠቅማል። የመኖሪያ ቤት የኤሌክትሪክ ታሪፍ ደረጃ በደረጃ ከፍ የሚለው በወር ውስጥ በተጠቀምነው መጠን እንጂ በተጠቀምንበት ሰዓት አይደለም፤ ስለዚህ ሌሊት ማሞቅ በራሱ ዋጋ አይቀንስም። የሚቆጠበው ነገር፣ የሞቀው ውሃ ሳይፈለግ ተቀምጦ በታንኩ ግድግዳ በኩል የሚያጣው ሙቀት ነው። ይህም ለ80 ሊትር ታንክ በ60 ዲግሪ ሲቀመጥ በቀን ከ1 እስከ 1.5 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ሲሆን፣ ታይመር የሚያስቀረው ከዚህ ውስጥ የተወሰነውን ብቻ ነው። ትልቁ ጥቅም ሌላ ነው። የእንጀራ የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ወደ 3.5 ኪሎዋት ይወስዳል፤ ባለ 2 ኪሎዋት ቦይለር በዚያው ሰዓት ሲጨመርበት የሁለቱ ድምር 25 አምፔር ይደርሳል። ምድጃና ካውያ ሲታከሉበት ዋናው ብሬከር ይወርዳል፤ የቆየ መስመር ባለበት ቤት ደግሞ ብሬከሩ ከመውረዱ በፊት ግድግዳ ውስጥ ያለው ገመድ ይግላል። ታይመሩ ቦይለሩን እንጀራ ከሚጋገርበት ሰዓትና የሰፈሩ ቮልቴጅ ከሚወርድበት ምሽት ያርቀዋል።

ሥራው 220 ቮልት ከውሃ ጋር የሚቀራረብበት በመሆኑ ግንኙነቱን የብቃት ማረጋገጫ ያለው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ሊሠራው ይገባል። የቤቱ ባለቤት ግን ሂደቱን ጠንቅቆ ካወቀ ትክክለኛውን ዕቃ ይገዛል፣ ሲሠራም ይከታተላል፣ ሲያልቅም ፈትኖ ይረከባል። ከቆጣሪው በፊት ያለውን መስመርና የቆጣሪውን ማኅተም ባለሙያውም ቢሆን አይነካም፤ እሱ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ድርሻ ነው።

ሂሳቡና ዕቃው

መጀመሪያ በቦይለሩ አካል ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ያንብቡና ኃይሉን ይመዝግቡ። ኪሎዋቱን ወደ ዋት ለውጦ ለ220 ማካፈል አምፔሩን ይሰጣል፤ ባለ 1.5 ኪሎዋት ቦይለር 6.8 አምፔር፣ ባለ 2 ኪሎዋት 9.1 አምፔር፣ ባለ 3 ኪሎዋት 13.6 አምፔር ይወስዳል። ለእነዚህ ሁሉ ከብሬከር ሳጥኑ ጀምሮ ለብቻው የተዘረጋ ባለ 2.5 ስኩዌር ሚሊሜትር የመዳብ ገመድና ባለ ሁለት ፖል (ሁለቱንም ገመድ አንድ ላይ የሚቆርጥ) 16 አምፔር ብሬከር ይበቃል። ባለ 1.5 ገመድ የመብራት ገመድ ነው፤ የቦይለር መስመር ከመብራት ወይም ከሶኬት መስመር ላይ ተቀጥሎ ከተገኘ ታይመር ከማሰብ በፊት እሱን መለየት ይቀድማል። ገመድ ሲገዙ በላዩ ላይ የታተመውን ቁጥር ብቻ አይመኑ፤ ነጠላ ጠጣር ባለ 2.5 ሽቦ ፕላስቲኩ ሲላጥ የመዳቡ ዲያሜትር 1.8 ሚሊሜትር ገደማ መሆን አለበት፤ ይህንንም በካሊፐር ሱቁ ውስጥ ቆሞ መለካት ይቻላል።

ታይመር በሁለት መልክ ይሸጣል። ሶኬት ላይ ተሰክቶ ቦይለሩ እሱ ላይ የሚሰካበት ዓይነት ርካሽና ቀላል ነው፤ ነገር ግን ለቦይለር አልመክረውም። 16 አምፔር የሚል ጽሑፍ ቢኖረውም ለሰዓታት ሳይቋረጥ 9 አምፔር ሲያልፍበት፣ በተለይም ሶኬቱ የላላ ከሆነ፣ መገናኛው እየጋለ ፕላስቲኩን ያቀልጠዋል። የሚመረጠው በብሬከር ሳጥን ውስጥ ባለው ሐዲድ ላይ የሚገጠም ዲጂታል ታይመር ሲሆን፣ ሲገዙ ዋናው ጥያቄ ውስጡ ሰዓቱን የሚጠብቅ ባትሪ አለው ወይ የሚለው ይሁን። ክብ ገጽ ያላቸው ሜካኒካል ታይመሮች ብዙዎቹ ባትሪ የላቸውም፤ ሞተራቸው የሚዞረው በመስመሩ ኤሌክትሪክ ስለሆነ መብራት ለ3 ሰዓት ከጠፋ ታይመሩም 3 ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል፤ ሰው እስኪያስተካክለውም ድረስ እንደተዛነፈ ይቆያል። ጠዋት ይሞቃል የተባለው ውሃ ቀን የሚሞቀው፣ አልፎም ቦይለሩ ከምጣዱ ጋር የሚገጥመው በዚህ ምክንያት ነው።

ከታይመሩ ጋር ኮንታክተር፣ ማለትም በውስጡ ያለው ጥቅልል ትንሽ ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ትልቁን መስመር የሚያገናኝ ማብሪያ ማጥፊያ፣ እንዲገዛ አጥብቄ እመክራለሁ። ብዙ ታይመሮች በጽሑፋቸው 16 አምፔር እንደሚችሉ ቢገልጹም ውስጣቸው ያለችው መገናኛ ትንሽ ናት፤ ከባዱን ኤሌክትሪክ ኮንታክተሩ ሲሸከም ታይመሩ የሚያሳልፈው የኮንታክተሩን ጥቅልል ለማንቃት የሚበቃ ጥቂት ሚሊአምፔር ብቻ ይሆናል። ሌላም ምክንያት አለ። ባለ ሁለት ፖል ኮንታክተር ፌዙን (ኤሌክትሪኩ የሚመጣበትን ሽቦ) እና ኒውትራሉን (የሚመለስበትን) አንድ ላይ ይቆርጣል፤ የቆዩ ቤቶች ውስጥ ፌዝና ኒውትራል ተገላብጠው ስለሚገኙ አንዱን ብቻ የሚቆርጥ መሣሪያ «ጠፍቷል» እያለ ቦይለሩ ውስጥ ፌዝ ሊተው ይችላል። የኮንታክተሩ መጠን 25 አምፔር፣ ጥቅልሉም ባለ 220 ወይም 230 ቮልት ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ይሁን። መጠኑን ከፍ ማድረጉ ለከተማችን የተለየ ምክንያት አለው፤ የብሬከርና የኮንታክተር ዓለም አቀፍ ደረጃዎች መሣሪያው እስከ 2,000 ሜትር ከፍታ እንደሚሠራ ታሳቢ አድርገው የተዘጋጁ ሲሆን መሃል አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። ቀጭን አየር ሙቀትን ቶሎ አይወስድም፤ መሣሪያውን በአቅሙ ጫፍ ላይ ማሠራት እዚህ አያዋጣም።

ከዚህ በተጨማሪ ኤሌክትሪክ ከመስመሩ ወደ መሬት ወይም ወደ ሰው ሲያፈተልክ በ30 ሚሊአምፔር የሚቆርጥ ኧርዝ ሊኬጅ ብሬከር፣ ቮልቴጅ ሲወርድና ሲጨምር የሚቆርጥና መብራት ሲመለስ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ የሚከፍት የቮልቴጅ መከላከያ፣ እነዚህን ሁሉ የሚይዝ የፕላስቲክ ሳጥን፣ እንዲሁም ለፌዝ፣ ለኒውትራልና ለመሬት ቀለማቸው የተለያየ ገመዶች ያስፈልጋሉ። የቮልቴጅ መከላከያውን ትርፍ ወጪ አድርጎ የሚያይ ሰው ይኖራል። የኮንታክተር ጥቅልል በአስተማማኝነት የሚስበው ከተጻፈበት ቮልቴጅ ቢያንስ 85 በመቶውን ሲያገኝ ነው፤ ባለ 220 ቮልቱ ማለት ከ187 ቮልት በላይ። ቮልቴጁ ከዚያ በታች ሲዋዥቅ ኮንታክተሩ እየተንጫጫ ይከፍታል ይዘጋል፤ በእያንዳንዱ ጊዜም መገናኛው በብልጭታ ይቃጠላል። መከላከያውን በ190 ቮልት፣ ጥቅልሉ ባለ 230 ከሆነ ደግሞ በ196 ቮልት ላይ እንዲቆርጥ ማስተካከል ይህንን ያስቀራል።

የመሬት መስመር

ግራውንድ የሚባለው የመሬት መስመር ከሌለ ሥራው እዚህ ላይ ይቁም። በብዙ የቆዩ ቤቶች ወደ መታጠቢያ ቤት የሚገቡት ገመዶች ሁለት ብቻ ናቸው፤ ቦይለሩም ለዓመታት ያለ መሬት መስመር ሲሠራ ቆይቶ ይገኛል። ኤለመንቱ ሲሰነጠቅ ፌዙ ወደ ውሃውና ወደ ታንኩ አካል ያልፋል፤ የመሬት መስመር ከሌለም ኤሌክትሪኩ መውጫ አድርጎ የሚያገኘው ከሻወሩ ሥር የቆመውን ሰው ነው።

ቢጫና አረንጓዴ ቀለም ያለው ሽቦ ከቦይለሩ አካል ላይ ምልክት ከተደረገበት ብሎን ተነስቶ በምንም ማብሪያ ማጥፊያ፣ ብሬከር ወይም ኮንታክተር ሳያልፍ በቀጥታ እስከ ዋናው ሳጥን የመሬት ማያያዣ ድረስ ይሄዳል። የውሃ ቧንቧን የመሬት መስመር አድርጎ መጠቀም የተለመደ ስህተት ነው፤ አንዱ ጎረቤት አንዲት ሜትር የብረት ቧንቧ በፕላስቲክ በቀየረ ቀን መሬቱ ይቋረጣል፣ ከዚያ በላይ ያለው ቧንቧ ሁሉም ኤሌክትሪክ ሊይዝ ይችላል። ኒውትራልን ከቦይለሩ አካል ጋር ማያያዝም ከዚህ የከፋ ነው፤ ኒውትራሉ አንድ ቦታ ሲላላ የታንኩ አካል ራሱ ፌዝ ይሆናል። ግቢ ባለው ቤት የመሬት ዘንግ እርጥበት በሚይዝ አፈር ውስጥ ተቀብሮ ተቃውሞው በመሣሪያ ይለካል። በኮንዶሚኒየም የሕንፃው የጋራ መሬት መስመር የት እንደደረሰና እንደሚሠራ የሕንፃውን ኮሚቴ ጠይቆ ማስለካት ያስፈልጋል።

ሽቦውን መዘርጋት

ሳጥኑ ከመታጠቢያ ቤቱ ውጭ፣ በኮሪደር ወይም በዋናው ብሬከር ሳጥን አጠገብ፣ ቆሞ ማንበብ በሚቻልበት ከፍታ ይሰቀል። እንፋሎት የሚገባበት ቦታ ታይመሩንም የኮንታክተሩንም መገናኛ ያበላሻል፤ በእርጥብ እጅ የሚነካ ቁልፍም አደጋ ነው።

ዋናውን ብሬከር ያውርዱ፤ ሌላ ሰው መልሶ እንዳያነሳው ለቤተሰቡ ይንገሩ፣ በብሬከሩ ላይም ማስታወሻ ይለጥፉ። ከዚያ መስመሩ ባዶ መሆኑን በመልቲሜትር (ቮልቴጅና ተቃውሞ በሚለካ መሣሪያ) ያረጋግጡ፤ ከማረጋገጥዎ በፊትም በኋላም መልቲሜትሩን ኤሌክትሪክ ባለበት ሌላ መስመር ላይ ይሞክሩት፤ የሞተ መልቲሜትር ሁሉንም መስመር ባዶ ነው ይላልና። በካቻቪቴ መልክ የተሠራው መብራት ያለው ቴስተር ፌዝን ለመፈለግ ይጠቅማል እንጂ ለዚህ ማረጋገጫ አይበቃም። ቀለምንም አይመኑ፤ ከዚህ በፊት የሠራው ሰው በእጁ የተገኘውን ገመድ ተጠቅሞ ሊሆን ይችላል።

ዋናው መስመር በዚህ ቅደም ተከተል ይሄዳል። ከዋናው ሳጥን የሚመጡት ፌዝና ኒውትራል ወደ 16 አምፔሩ ብሬከር ይገባሉ፤ ከዚያ ወደ ኧርዝ ሊኬጁ፤ ከእሱ ወደ ቮልቴጅ መከላከያው፤ ከመከላከያው ወደ ኮንታክተሩ የላይኛው ማያያዣዎች። ፌዙ 1 ቁጥር ገብቶ በ2 ቁጥር፣ ኒውትራሉ 3 ቁጥር ገብቶ በ4 ቁጥር ይወጣል። ከ2 እና ከ4 የሚነሱት ሁለት ገመዶች ከመሬት መስመሩ ጋር በአንድ ቱቦ ውስጥ ሆነው ወደ ቦይለሩ ይሄዳሉ። ከኧርዝ ሊኬጁ በኋላ ያለው ኒውትራል ከሌላ መስመር ኒውትራል ጋር በፍጹም መገናኘት የለበትም፤ ከተገናኘ ኧርዝ ሊኬጁ ያለ ምክንያት እየወረደ ያስቸግራል፤ የተሰላቸ ሰውም መሣሪያውን አውልቆ መስመሩን በቀጥታ ያገናኘዋል፤ እንዲህ ሲሆን ደግሞ ጥበቃው ሁሉ ይቀራል።

የትእዛዙ መስመር ቀጭን ነው፤ ለእሱ ባለ 1.5 ገመድ ይበቃል። ታይመሩ ራሱ እንዲሠራ በኤል እና በኤን ፊደል ወደተመለከቱት ማያያዣዎቹ ከቮልቴጅ መከላከያው በፊት ፌዝና ኒውትራል ይሰጠዋል፤ እንዲህ ሲሆን ቮልቴጁ ወርዶ መከላከያው ቦይለሩን ቢያቋርጠውም ታይመሩ ኤሌክትሪክ ስለማያጣ ባትሪው በከንቱ አያልቅም። የታይመሩ መገናኛ ብዙ ጊዜ ሦስት ማያያዣ አለው፦ አንዱ የጋራ፣ አንዱ ታይመሩ «ይሙቅ» ብሎ ሲያዝ የሚገናኝ፣ አንዱ ደግሞ ታይመሩ ሲያዝ የሚለያይ። ከመከላከያው በኋላ ካለው ፌዝ አጭር ሽቦ ወደ ጋራው ይገባል፤ ታይመሩ ሲያዝ ከሚገናኘው ማያያዣ የሚወጣው ሽቦ ወደ ኮንታክተሩ ኤ1 ይሄዳል፤ ኤ2 ከኒውትራል ጋር ይያያዛል። የማያያዣዎቹ ቁጥር ከአምራች አምራች ስለሚለያይ በታይመሩ ጎን የታተመውን ሥዕል ማየት ግድ ነው። ብዙዎቹ ታይመሮች ከመገናኛቸው ራሳቸው ፌዝ አያወጡም፤ ወደ ጋራው የምትገባዋ አጭር ሽቦ ስትረሳ ታይመሩ እየበራ ኮንታክተሩ ዝም ይላል፤ ሰውም ታይመሩ ተበላሽቷል ብሎ ይመልሰዋል።

እያንዳንዱን ብሎን በደንብ ያጥብቁ፤ ሽቦውን ሳብ አድርገውም ይሞክሩ። ገመዱ ብዙ ቀጫጭን ክሮች ያሉት ከሆነ ጫፉ ላይ የመዳብ ቆብ ይጨመቅበታል። ገመድ ከገመድ ጋር ጠምዝዞ በናስትሮ መጠቅለል በቦይለር መስመር ላይ ቦታ የለውም።

ቴርሞስታቱ

የቦይለሩ የራሱ ቴርሞስታት ከታች ወይም ከጎን ባለው ክዳን ሥር ይገኛል። ረጅም ዘንግ ሆኖ ከኤለመንቱ አጠገብ ባለ ቀጭን ቱቦ ውስጥ ይገባል፤ ራሱ ላይ ዲግሪ የሚለካ መዘውርና፣ ውሃው ከመጠን በላይ ሲሞቅ ሁለቱንም ገመድ ቆርጦ ብቅ የሚል፣ ብዙ ጊዜ ቀይ የሆነ ትንሽ ቁልፍ አለው። ከኮንታክተሩ የመጡት ፌዝና ኒውትራል የሚገቡት እዚህ ላይ ነው፤ ከቴርሞስታቱ ወደ ኤለመንቱ ያለው ግንኙነት ፋብሪካው እንደሠራው ይቆያል። ታይመር ስለተገጠመ ቴርሞስታቱ አያስፈልግም ብሎ ኤለመንቱን በቀጥታ ማገናኘት የሚፈነዳ ዕቃ ግድግዳ ላይ መስቀል ነው። ታይመሩ የሚቆጥረው ሰዓት ብቻ ነው፤ ታንኩ ውስጥ ያለው ውሃ ስንት ዲግሪ እንደደረሰ አያውቅም።

እዚህ ላይ የከተማችን ከፍታ እንደገና ይመጣል። በክፍት ዕቃ ውስጥ ውሃ በአዲስ አበባ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ከጣሪያ ላይ ካለ ታንከር በዝቅተኛ ግፊት ውሃ የሚያገኝ ቦይለር ቴርሞስታቱ ተጣብቆ አልቆርጥ ካለ የመፍላቱ ነጥብ በባሕር ጠለል ላይ ካለው ቀድሞ ይደርሳል፤ እንፋሎቱም ወደ ቀዝቃዛው የፕላስቲክ ቧንቧ ተመልሶ ያለሰልሰዋል። ቀዩ ቁልፍ ሲወጣ መልሶ ተጭኖ መሄድ አይገባም፤ ለምን እንደወጣ ይፈለግ። የተበላሸ ቴርሞስታት ሲቀየር የዘንጉ ርዝመት፣ አምፔሩና ቀይ ቁልፉ ከድሮው ጋር አንድ መሆናቸውን አረጋግጦ መግዛት ነው፤ አጭር ዘንግ የሚለካው የታችኛውን ቀዝቃዛ ውሃ ስለሆነ የላይኛው ከልክ በላይ ይሞቃል።

መዘውሩ 60 ዲግሪ ላይ ይቀመጥ። ሌጂዮኔላ የተባለው የሳንባ ሕመም የሚያመጣ ባክቴሪያ ከ25 እስከ 45 ዲግሪ ባለው የቆመ ውሃ ውስጥ ይራባል፤ በ60 ዲግሪ ግን ይሞታል። በታይመር የሚሠራ ታንክ በየቀኑ እየቀዘቀዘ በዚህ መካከል ስለሚያልፍ ከሚሞቅባቸው ጊዜያት ቢያንስ አንዱ 60 ዲግሪ እስኪደርስ መቆየት አለበት። ይህ ሙቀት የልጅ ቆዳን በሰከንዶች ውስጥ ያቃጥላልና ቤት ውስጥ ሕፃናት ወይም አረጋውያን ካሉ ቀዝቃዛውን የሚደባልቅ ቫልቭ ከቦይለሩ መውጫ ላይ ቢገጠም መልካም ነው።

ውሃ ሲጠፋ

የተለመደው ቦይለር ቀዝቃዛውን ከታች ተቀብሎ ሙቁን ከላይ ስለሚያወጣ ውሃ መምጣቱ ሲያቆም ታንኩ በራሱ ባዶ አይሆንም። ባዶ የሚሆነው በመግቢያው ላይ ያለው የማይመልስ ቫልቭ ሲበላሽ ወይም ጨርሶ ሳይኖር ሲቀር ነው፤ ያኔ ዝቅ ብሎ ያለ ጎረቤት ቧንቧ ሲከፍት የቦይለሩ ውሃ ወደ ኋላ ይሳባል። በአየር ውስጥ የቀረ ኤለመንት ደግሞ በደቂቃዎች ውስጥ ይቃጠላል። ስለዚህ ታይመር ከመገጠሙ በፊት የመግቢያው ቫልቭ ይፈተሽ፦ ዋናው ውሃ ተዘግቶ፣ የሙቅ ውሃ ቧንቧ ተከፍቶ፣ የመግቢያው ቱቦ ከቫልቩ በታች ሲፈታ ውሃ ከታንኩ ተመልሶ መፍሰስ የለበትም። ይህ ቫልቭ ብዙ ጊዜ ከግፊት ማስተንፈሻው ጋር አንድ አካል ነው። ሲሞቅ ከማስተንፈሻው የሚንጠባጠበው ውሃ ጉድለት አይደለም፤ 80 ሊትር ውሃ ከ18 ወደ 60 ዲግሪ ሲሞቅ በይዘቱ ከ1 ሊትር በላይ ይጨምራል፣ መውጫውም እዚያው ነው። ጠብታው አስጠላኝ ብሎ መድፈን ክልክል ነው፤ በቀጭን ቱቦ ወደ ፍሳሽ መምራት ይሻላል።

የራሱ ታንከር ያለው ቤት ከዚህ አልፎ ሊሄድ ይችላል። በታንከሩ ውስጥ ያለ ፍሎት ስዊች (በውሃው ላይ ተንሳፍፎ ውሃው ሲወርድ መስመር የሚቆርጥ ማብሪያ ማጥፊያ) ውሃው ሲያልቅ የኮንታክተሩን የትእዛዝ መስመር እንዲቆርጥ በታይመሩ መገናኛና በኤ1 መካከል በተከታታይ ይገባል፤ ታንከሩ ባዶ ከሆነ ሰዓቱ ቢደርስም ኮንታክተሩ አይስብም። ወደ ውሃ የሚወርደው ገመድ 220 ቮልት እንዳይዝ በአነስተኛ ትራንስፎርመር ወደ 24 ቮልት ወርዶ በሪሌይ (በአነስተኛ ቮልቴጅ ታዝዞ ሌላ መስመር በሚያገናኝና በሚለያይ ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ) በኩል ቢሠራ ይመረጣል። በፈረቃ ለሚኖር ቤት ከዚህ የተሻለ ገንዘብ የሚወጣበት ነገር በዚህ ሥራ ውስጥ አላይም።

በጣሪያ ላይ የፀሐይ ውሃ ማሞቂያ ያለው ቤት የኤሌክትሪኩን ኤለመንት በመጠባበቂያነት ስለሚጠቀም ተጨማሪ ዲጂታል ቴርሞስታት ያስፈልገዋል። የመለኪያው ጫፍ በታንኩ ላይ ለዚሁ በተዘጋጀው ቀዳዳ ይገባል፤ መገናኛው ከታይመሩ መገናኛ ጋር በተከታታይ ይያያዛል። ታይመሩ ፀሐይዋ ሥራዋን ከጨረሰች በኋላ ብቻ ከቀኑ 11 ሰዓት ጀምሮ ይፈቅዳል፤ ቴርሞስታቱም ውሃው ፀሐይ ያሞቀችው ሆኖ ካገኘው ኮንታክተሩን አያስነሳም። በጥርና በየካቲት ኤሌክትሪኩ ለቀናት ላይነሳ ይችላል፤ በሐምሌና በነሐሴ ግን በየምሽቱ ያስፈልጋል።

መፈተሽ

ኤሌክትሪክ ከመለቀቁ በፊት ታንኩ ይሞላ፤ የሙቅ ውሃ ቧንቧ ተከፍቶ አየሩ ወጥቶ ውሃው ሳይቆራረጥ እስኪፈስ ይጠበቅ። ከዚያ መስመሩ እንደጠፋ የኤለመንቱ ሁለት ጫፎች ከቴርሞስታቱ ተላቅቀው ተቃውሟቸው ይለካል፦ ለ1.5 ኪሎዋት 32 ኦም፣ ለ2 ኪሎዋት 24 ኦም ገደማ ይሆናል። ከኤለመንቱ ጫፍ ወደ ታንኩ አካል ሲለካ ግን መልቲሜትሩ ምንም ግንኙነት የለም ማለት አለበት፤ ጥቂት ሺህ ኦም እንኳ ቢያሳይ ኤለመንቱ ተሰንጥቋልና ይቀየር። ጫፎቹ ወደ ቦታቸው ተመልሰው ክዳኑ ከተገጠመ በኋላ ብሬከሮቹ በቅደም ተከተል ይነሳሉ፤ የኧርዝ ሊኬጁ የመሞከሪያ ቁልፍ ተጭኖ መውረዱ ይታያል። ታይመሩ በእጅ ወደ ኦን ሲደረግ የኮንታክተሩ ድምፅ ይሰማል፤ በክላምፕ ሜትር (ገመዱን ሳይቆርጥ አቅፎ አምፔር በሚለካ መሣሪያ) ሲለካም በስሌት የተገኘው አምፔር አጠገብ መሆን አለበት። ሩብ ሰዓት ያህል ከሠራ በኋላ እንደገና ኤሌክትሪኩን አጥፍቶ፣ መጥፋቱንም በመልቲሜትር አረጋግጦ፣ ማያያዣዎቹን በእጅ ጀርባ መዳሰስ ነው፤ ከሌሎቹ ይበልጥ የጋለ ካለ የላላ ብሎን አለ ማለት ነው።

ሰዓቱን መሙላት

የታይመሩ ሰዓት በ24 የሚቆጥር ነው። በእኛ አቆጣጠር ለመረዳት ከጠዋት 1 እስከ ቀኑ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ከታይመሩ ቁጥር 6 ይቀነሳል፤ ከምሽቱ 1 እስከ ሌሊቱ 5 ሰዓት 18 ይቀነሳል፤ ከሌሊቱ 6 እስከ ንጋት 12 ሰዓት ደግሞ 6 ይደመራል። ሌሊት 10 ሰዓት በታይመሩ 4፡00፣ ቀን 9 ሰዓት 15፡00 ነው ማለት ነው። ብዙ ዲጂታል ታይመሮች በበጋና በክረምት ሰዓታቸውን በራሳቸው አንድ ሰዓት የሚያንቀሳቅሱበት ተግባር ስላላቸው፣ አገራችን ይህንን ስለማትጠቀም እሱን ማጥፋት አይዘንጋ፤ አለበለዚያ በዓመት ሁለት ጊዜ ምክንያቱ የማይታወቅ መዛነፍ ይመጣል።

ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈቀድ ሂሳብ ይነግረናል። 80 ሊትር ውሃን ከ18 ዲግሪ ወደ 60 ለማድረስ 3.9 ኪሎዋት ሰዓት ያስፈልጋል፤ ባለ 1.5 ኪሎዋቱ ይህን የሚሰጠው በ2 ሰዓት ከ36 ደቂቃ ነው፣ ባለ 2 ኪሎዋቱ ደግሞ በ2 ሰዓት ገደማ። ይህ ግን ቮልቴጁ 220 ሲሆን ነው። የኤለመንት ኃይል ከቮልቴጁ ካሬ ጋር ስለሚሄድ 190 ቮልት ላይ ባለ 2 ኪሎዋቱ ወደ 1.5 ኪሎዋት ይወርዳል። ስለዚህ በስሌቱ ላይ ግማሽ ሰዓት ያህል መጨመር ተገቢ ነው፤ ቴርሞስታቱ ቀድሞ ስለሚቆርጥ ትርፉ ሰዓት አይባክንም። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ለሚታጠብ ቤተሰብ ከሌሊቱ 10 እስከ ጠዋት 1 ሰዓት፣ ለምሽት ደግሞ ከቀኑ 9 እስከ 11 ሰዓት መፍቀድ ጥሩ መነሻ ነው። ከምሽቱ 12 እስከ 3 ሰዓት ያለው ጊዜ፣ ሰፈሩ ሁሉ ምድጃ የሚለኩስበት ስለሆነ፣ ባዶ ይተው። እንጀራ የሚጋገርበት ቀን ከሰዓት በኋላ ከሆነ ለዚያ ቀን ብቻ የተለየ ሰዓት መሙላት ይቻላል፤ ሳምንታዊ ፕሮግራም ያለው ታይመር የሚገዛውም ለዚህ ነው።

ሌሊት መብራት ጠፍቶ ጠዋት ሲመጣ የተፈቀደው ሰዓት አልፎ ይሆናል። ያን ጊዜ ታይመሩን በእጅ ኦን ማድረግ ይቻላል፤ ሆኖም በአንዳንዶቹ ላይ ኦን የተደረገው እስኪመለስ ድረስ እንደዚያው ስለሚቆይ ወደ አውቶ መመለሱን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ይህንን ከሰዓቱ ማዛመጃና ከሽቦው ሥዕል ጋር በአንድ ወረቀት ጽፎ በሳጥኑ ክዳን ውስጥ መለጠፍ ከዓመታት በኋላ ለሚመጣው ባለሙያም፣ ቤቱን ለሚከራየውም ይጠቅማል።

ከወር በኋላ መስመሩን አጥፍቶ፣ መጥፋቱን በመልቲሜትር አረጋግጦ ብሎኖቹን እንደገና ማጥበቅ፣ ከዚያም በዓመት አንድ ጊዜ መድገም፣ የኧርዝ ሊኬጁን መሞከሪያ ቁልፍ በየወሩ መጫን፣ በታንኩ ውስጥ ዝገት የሚከላከለውን የማግኒዚየም ዘንግ በየሁለት ዓመቱ ከፍቶ ማየትና ካለቀ መቀየር የቀሩት ሥራዎች ናቸው።